ሁለት ሳምንት ሲቀነስ

ሐሙስ፣ 3/2

ትምህርት ከተጀመረ ሁለት ሳምንት ሆነ። ስልሳ ሁለት ተማሪ፣ ስልሳ ሁለት ስልክ። ዛሬ «የነርቭ ቱቦ ምንድን ነው?» ብዬ ብጠይቅ አንዱ ረጅም ተነስቶ «ነርቭ የሚያልፍበት ቱቦ ነው፣ ቲቸር» አለኝ እኮ! ቁጭ በል አልኩት። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ የፅንስ ትምህርት ሳስተምር ኖሬ የማገኘው መልስ ይኼ ነው።

ነገሩ እኮ ቀላል ነው። ገና ምስር በማያህል ፅንስ ጀርባ ላይ ያለው ሽፋን መሃል ለመሃል ይሰረጉዳል፤ ዳርና ዳሩ ወደ ላይ ይነሳል፤ ሁለቱ ዳሮች ይጠጋጉና ይገጥማሉ። መግጠም የሚጀምሩት አንገት አካባቢ ነው፤ ከዚያ ወደ ላይም ወደ ታችም እንደ ዚፕ ይዘጋል። የላይኛው አንጎል ይሆናል፣ የታችኛው ህብለ ሰረሰር። በሃያ ስምንተኛው ቀን ሥራው አለቀ። ያን ቀን ክፍት የቀረ ቦታ ካለ ክፍት እንደሆነ ይቀራል። ብዙ ሴት ደግሞ ያን ጊዜ ማርገዟን እንኳ በቅጡ አታውቅም። ይቺን የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር በየዓመቱ ቀስ ብዬ ነው የምላት። ሴቶቹ ተማሪዎች ጸጥ ይላሉ። ጸጥ ሲሉ ደስ ይለኛል።

ታናሽ እህቴ ሚጡ ድምፅዋን ካጠፋች ሦስት ሳምንት ሆናት። እናታችን ከሞተች ወዲህ ያሳደግኳት እኔ ነኝ፤ ሁለት ዓመትም እዚሁ ትምህርት ክፍል ፊቴ አስቀምጬ አስተምሬያታለሁ። ጭንቅላቷ ጥሩ ነበር፣ ቁጥር ላይ ብቻ ትቸኩላለች። ሦስተኛ ዓመት ላይ ሁሉንም ጥላ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ አገባች፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጠረች። ባሏን ሽቦ ነው የምለው። በልቤ ነበር የምለው፤ አንድ ቀን ከአፌ አመለጠኝ። እሱ ሳቀ፣ እሷ አልሳቀችም። ከዚያ ወዲህ ስልክ ቀነሰች። እኔ ደግሞ ሰው አልለማመጥም።

ሰኞ፣ 7/2

ሚጡ ደወለች።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ግን እንዳትቆጪኝ።»

«ደግሞ ምን አጠፋሽ?»

«አላጠፋሁም። አርግዣለሁ።»

እግዜር ይመስገን አልኩ። አፌ አለ። ቀጥሎ የጠየቅኩት «ማን ያውቃል?» ብዬ ነው። ባሏ፣ የባሏ እናት፣ ፎቶ ኮፒ ቤት አብራት የምትሠራው ልጅ። እኔ አራተኛ ነኝ። ጥርሷ ሲያማት ሌሊቱን ሙሉ አዝያት ያደርኩት እኔ፣ ከፎቶ ኮፒዋ ልጅ ቀጥዬ።

«ስንት ሆነሽ?»

«አዋላጇ አምስት ሳምንት ነው አለችኝ። ፎሊክ አሲድ ሰጥታኛለች፣ ግን ገና ስውጠው ነው የሚያስመልሰኝ። ሽታው ራሱ፣ እትዬ! የግድ ነው እንዴ? አንቺ ታውቂያለሽ ብዬ ነው።»

«አምስት ሳምንት ከሆነሽ ቱቦው ተዘግቷል» አልኳት። «ያ ክኒን የሚጠቅመው እስኪዘጋ ነው። ቀድመሽ ብትጠይቂኝ ኖሮ ሌላ ነገር ነበር።»

«አሁን ዋጋ የለውም?»

«ለእሱ የለውም። ካስመለሰሽ ተይውና ምግብሽን ብዪ።»

«ተገላገልኩ በይኛ! ቆይ አዋላጇስ?»

«አዋላጇ የወረቀት ትእዛዝ ነው የምትከተለው። እኔ የማስተምረው ነው።»

ወዲያው አመነችኝ። መዋሸት አልችልም፣ ደስ አለኝ። ደግሞ እንዳትረሳ ብዬ በጽሑፍም ላክሁላት፦ «ተዘግቷል። ለሆድሽ ስትይ ተይው።»

ከመልእክቱ በፊት ግን አንድ ነገር ነበር። «ቻው እትዬ፣ ኑሪልኝ» ብላ ስልኩን አስቀመጠችው፤ ግን አልዘጋችውም። እኔም አልዘጋሁም። የባሏ እናት ድምፅ መጣ፣ አብራቸው ነው የምትኖረው። «ነገርሻት እንዴ? ላልወለደች ሰው እንዲህ ቶሎ አይነገርም አላልኩሽም?» አለቻት። ሚጡ ሳቀች። ወይም አሳላት። አጭር ድምፅ ናት። እኔ የሰማሁት ግን ሳቅ ነው።

ማክሰኞ፣ 8/2

ለነገው የተግባር ክፍል አርባ ስምንት የዶሮ እንቁላል ማሞቂያው ውስጥ ገባ። ነገ ከሰዓት ሠላሳ ሰዓት ይሞላቸዋል። መቀሱ መሳል አለበት። አጉሊ መነጽር ሦስት ጎድሏል፣ ኃላፊው «እናያለን» አለ። እናያለን ማለት የለም ማለት ነው።

ላልወለደች ሰው። አርባ አንድ ዓመቴ ነው እንጂ መቶ አይደለም።

ረቡዕ፣ 9/2

ጥሩ ክፍል ነበር። የእንቁላሎቹን ቅርፊት እንደ ትንሽ መስኮት ቆርጬ ከፈትኩላቸው። ሠላሳ ሰዓት ላይ ዳሮቹ መሃል ላይ ገጥመው፣ ከላይና ከታች ገና አፋቸውን እንደከፈቱ ይታያሉ። ያ ረጅሙ ልጅ ሳይቀር «ዋው» አለ። ነርቭ የሚያልፍበት ቱቦ ያለው።

አንዲት ባለመነጽር አለች፣ ጠያቂ ናት። እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ እናቴ አዋላጅ ናት። ቱቦው የሚዘጋው በስድስተኛው ሳምንት ነው ትላለች። እርስዎ በአራተኛው አሉ። ማን ነው ልክ?» ክፍሉ «ኡ!» አለ።

«ሁለታችንም» አልኳት። «እናትሽ ከመጨረሻው የወር አበባ ነው የምትቆጥረው፣ እኔ ከፅንሰቱ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ሴትየዋ ገና አላረገዘችም። ከእናትሽ ቁጥር ላይ ሁለት ቀንሺ፣ የእኔን ታገኛለሽ። የአንደኛ ክፍል ሒሳብ ነው። እናትሽን ሰላም በያት።» ሳቁ። ልጅቷ እስከ ጆሮዋ ቀላች። ለቀጣዩ ዓመት ይቺን ጥያቄ ራሴ አስነሳታለሁ፣ ጥሩ ናት።

እቤት ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ ነው።

ሚጡ ሰኞ «አዋላጇ አምስት ሳምንት አለችኝ» ነው ያለችው። አዋላጇ።

አምስት ሲቀነስ ሁለት።

ወረቀት ላይ ደግሜ አሰብኩት፤ ሦስት ጊዜ። ሰኞ ዕለት ፅንሱ ሃያ አንድ ቀኑ ነበር። ገና ጭራሽ መግጠም አልጀመረም። ዛሬ ሃያ ሦስት ነው። እንደ ዛሬ እንቁላሎች መሃሉ ገጥሞ ሁለት ጫፉ ክፍት ነው። ላዩ ሁለት ቀን አለው፣ ታቹ አምስት።

የማንም ሐኪም ስህተት አይደለም ይኼ። ሐኪም ቢሆን በሐኪም ቁጥር ያስብ ነበር። እንደ እኔ በየቀኑ በፅንሰት ቀን የሚቆጥር ሰው ብቻ ነው እንዲህ የሚሳሳተው። ሳያውቅ የተሳሳተ አይደለም እኮ፣ ከማወቅ ብዛት ነው።

ነገ ጠዋት እደውላለሁ። አሁን ብደውል ስልኩ የሚነሳው እራት ላይ ሁሉም በተሰበሰበበት ነው፤ የባሏ እናትም አፏን ከፍታ ትሰማለች። ነገ ሥራ ቦታዋ ስትሆን ይሻላል።

ሐሙስ፣ 10/2። ቀን 24

ስብሰባ። ማሞቂያው ጠፋ። ሁለተኛው ዙር እንቁላል ውስጡ ነው። ኃላፊው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ እጠራለሁ አለ። ኮሌጁ የሚያሠራው ሰው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ሽቦ።

አልደወልኩም። ጊዜ አልነበረም። ነገ እሱ መምጣቱ አይደል፣ ለእሱ እነግረዋለሁ፣ ይሻላል።

ዓርብ፣ 11/2። ቀን 25

ላዩ ዛሬ ነው የሚዘጋው። የራስ ቅል በኩል ያለው ማለቴ ነው። እንግዲህ ያ በኩል ተዘግቷል ብዬ ነው የማስበው፤ አብዛኛው ይዘጋል።

ሽቦ ቱታውን ለብሶ፣ መሰላል ተሸክሞ፣ ክፍል ሳስተምር ዘው አለ። «እትዬ፣ ይቺ የእንቁላል መቀቀያ ምን ነካት?» አለ በስልሳ ሁለት ሰው ፊት። በሳቅ ፍርስ አሉ። ባለመነጽሯማ እንባዋ እስኪመጣ ነው የሳቀችው፤ የረቡዕን ብድሯን መለሰች። እኔም ፈገግ አልኩ። ፊቴን ግን አላውቅም ምን እንደሚመስል።

ተማሪዎቹ ሲወጡ ለብቻችን ቀረን። የማሞቂያውን ጀርባ ፈትቶ ውስጡ ጎንበስ ብሏል።

«ሚጡስ?» አልኩት።

«አለች፣ ደህና ናት። ያንን ክኒን ከተወችው ወዲህ ምግብ እየረጋላት ነው። እርስዎ ባይኖሩ ምን ይውጠን ነበር!»

«ክኒኑን ጣለችው ወይስ አስቀመጠችው?»

ዞር ብሎ አየኝ። «መሳቢያ ውስጥ ነው ያለው። ምነው?»

አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ይህን እዚህ መጻፍ እወዳለሁ፤ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። «ንገራት፣ ዛሬውኑ ትጀምረው» ማለት ነው እኮ፣ ሦስት ቃል ናት። ግን ዝም ብዬ ስቆም የተጨነቅኩ መሰለውና ሊያጫውተኝ ፈለገ። «አይዞዎት እትዬ፣ አያስቡ» አለ እየሳቀ። «እርስዎ ስለ እንቁላሉ ያስቡ፣ የሰውን ለእኛ ይተዉልን።»

«ለማወቅ ያህል ነው» አልኩት። ማሞቂያው ሠራ። ሽቦው ላልቶ ነበር።

የሁለተኛው ዙር እንቁላሎች ቀዝቅዘው ስለቆዩ ዘጠኙ ቱቦአቸው ሳይገጥም ቆሟል። መዝግቤ ጣልኳቸው።

ቅዳሜ፣ 12/2። ቀን 26

ደወልኩ። ወደ ሚጡ ስልክ ደወልኩ፣ የባሏ እናት አነሳች። «ማን ልበል?» ስሜ ስልኩ ላይ ተጽፎ እያየች «ማን ልበል» ትለኛለች! ዘጋሁት።

መልእክት ጻፍኩ፦ «ሚጡ፣ ያንን ክኒን ጀምሪው።» ለምን ብላ ትጠይቃለች። ለምን የሚለውን ስጽፍ «ተሳስቻለሁ» የምትል ቃል ትመጣለች። ቃሏን ጻፍኳት። አየኋት። ሚጡ መልእክት ሲመጣላት ጮክ ብላ ነው የምታነበው፣ ከልጅነቷ ጀምሮ ናት እንዲህ። ሴትየዋ ደግሞ ጠረጴዛው ማዶ ትቀመጣለች። «የተማረችዋ እህትሽ ተሳሳትኩ አለች?» ስትል በጆሮዬ ሰማኋት።

አጠፋሁት። ደግሞም ክኒኑ በሦስት ቀን ምን ያህል ይሠራል? ማንም በእርግጠኝነት አይናገርም። እኔ ራሴ ተማሪ ቢጠይቀኝ በእርግጠኝነት አልመልስም።

እሑድ፣ 13/2። ቀን 27

ልብስ አጠብኩ። መጋረጃም አጠብኩ። እሑድ ሰው አይረበሽም።

ሰኞ፣ 14/2። ቀን 28

አለቀ። ከዛሬ በኋላ መደወል እሷን ማስጨነቅ ብቻ ነው።

አሁን በእውነት ተዘግቷል፤ ስለዚህ የነገርኳት ነገር አሁን እውነት ሆነ። አንድ ሳምንት ቀድሜ ተናገርኩት እንጂ።

ዓርብ፣ 2/3

ከሺህ ልጅ አንድ ወይ ሁለት ነው እንዲህ የሚሆነው። ዘጠኝ መቶ ዘጠና ስምንቱ ደህና ነው። እናታችን ክኒን ይቅርና ዳቦም በቅጡ ሳታገኝ ነው ሁለታችንን የወለደችን።

ዛሬ ፈተና ሰጠሁ። አምስተኛው ጥያቄ፦ «አንዲት እናት ሐኪም ዘንድ ሰባት ሳምንት ነው ተባለች። ፅንሱ ስንት ቀኑ ነው?» አሥራ ዘጠኝ ተማሪ አርባ ዘጠኝ አለኝ። በቀይ ሠረዝኩባቸው። እስክሪብቶው ወረቀቱን ቀደደው።

እሑድ፣ 18/3

ሚጡ መጣች፣ ከስንት ጊዜ በኋላ። ብርቱካን ይዛ። ፊቷ ሞልቷል፣ ታምራለች። ወንበሬ ላይ እግሯን አጥፋ ተቀምጣ እንደ ድሮዋ ታወራለች። «ሁሉ ሰው ክኒን ውሰጂ ሲለኝ እህቴ የዚህ አስተማሪ ናት እላቸዋለሁ» አለችኝ። ብርቱካኑን ልጬ ሰጠኋት። ከዓመት በላይ እንዲህ ሆነን አናውቅም ነበር፤ እንዲህ ሆኖ ይቀጥል ነበር የምፈልገው። አሁን ምን ብዬ ላበላሸው?

ስትሄድ በር ላይ «አማትሽ አሁንም ላልወለደች ሰው ትላለች?» ልላት ፈለግኩ። አላልኳትም። እኔ ነገር አልቆሰቁስም።

ማክሰኞ፣ 9/5

ተንቀሳቀሰ አለች። ፎቶ ኮፒ ቤቱ ድረስ ሄጄ ነበር የተማሪ ማስታወሻ ላስባዛ። ማሽኑ እየሠራ እጄን ጎትታ ሆዷ ላይ አደረገችው።

«ይሰማሻል? እግሯ ነው። ሴት ናት፣ አውቄዋለሁ።»

«እግር መሆኑን በምን አወቅሽ?» አልኳት። ቁጣ ነበረበት ድምፄ።

«እንዴ፣ እናቷ ነኛ!»

ማሽኑ መቶ ሃያ ገጽ አተመ፤ እጄን እስኪጨርስ አላነሳሁም። ከእጄ ስር ትመታለች። ስለዚህ ደህና ናት። የሚመታ እግር ደህና ነው። አይደለም፣ እንደዛ ማለት እንደማይቻል አውቃለሁ።

ሰኞ፣ 22/5

ሃያ ሳምንቷ፤ የሐኪም ሃያ።

አልትራሳውንድ አብረሽኝ ግቢ አለችኝ፤ ባሏ ሥራ ላይ ነው። «አንቺ ምስሉን ታነቢልኛለሽ» አለች። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ ግድግዳው ላይ የቆመ ሰዓት። ሐኪሙ ወጣት ነው። ጀርባዋን ከላይ ጀምሮ እየቆጠረ ወረደ። አንገት ደህና። ደረት ደህና። ወገብ ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ። እኔ ከእሱ ቀድሜ አይቻለሁ። አጥንቶቹ ሁለት ሁለት ሆነው ሲወርዱ ይመጡና ታች ላይ ይለያያሉ፣ መሃላቸው ባዶ ነው። ዘጠኙ እንቁላሎች እንደነበሩት።

ሐኪሙ ደግ ነው፣ ቀስ ብሎ ነው የነገራት። ህብለ ሰረሰሯ ወገቧ ላይ አልተዘጋም። ጭንቅላቷ ውስጥ ውሃ እየተጠራቀመ ነው። ስትወለድ ወዲያው ቀዶ ጥገና አለ፣ ምናልባት ደጋግሞ። ትሄዳለች ወይ ላለችው «ላትሄድ ትችላለች» አላት። ሽንቷንም ላትቆጣጠር ትችላለች።

ከዚያ ወረቀቱን አወጣ። «ፎሊክ አሲድ ወስደሽ ነበር?»

ሚጡ አየችኝ። በጣም ለአጭር ጊዜ ነው ያየችኝ። ከዚያ ወደ ሐኪሙ ዞረች።

«ሰጥተውኝ ነበር። ያስመልሰኝ ስለነበር በራሴ ተውኩት።»

በራሴ አለች። ሐኪሙ ጻፈ። እኔ ወንበሩ ላይ ቦርሳዬን አቅፌ ተቀምጫለሁ። ያን ጊዜ አንድ ነገር ማለት ይቻል ነበር። ሐኪሙ ግን ቀጥሎ «ከዚህ ነው የመጣው ማለት አንችልም፣ ክኒኑን የወሰዱም ላይ ይደርሳል» አለ። ይህን አለ፤ እኔ አይደለሁም ያልኩት። ክኒኑን የወሰዱም ላይ ይደርሳል።

ኮሪደሩ ላይ ስንወጣ ሚጡ ግድግዳውን ይዛ ቆመች። አላለቀሰችም። ከጉሮሮዋ አጭር ድምፅ ወጣ፣ ደገመው። ስትጨነቅ እንዲህ ያስላታል። ያን ሰኞ በስልክ የሰማሁት ድምፅ ነው።

ረቡዕ፣ 24/5

ቤቷ ሄጄ ነበር። የባሏ እናት ሳሎን ውስጥ ለጎረቤት ትናገራለች፦ «ክኒን ሰጧት፣ አልዋጥም ብላ መሳቢያ ውስጥ ቆለፈችው። ለራሷ ሆድ ያላዘነች!» ሚጡ ጓዳ ሆና ትሰማለች፣ ድንች ትልጣለች። አንድ ቃል አልመለሰችም። እኔ ነኝ የመለስኩት። «አሁን ማንንም መውቀስ አያስፈልግም» አልኩ። ሴትየዋ አፈረች። ሚጡ በዓይኗ አመሰገነችኝ።

ሽቦ መስኮቱ ጋ ቆሞ ነበር። ቀና ስል እያየኝ ነው።

ዓርብ፣ 3/6

ክኒኑን የወሰዱም ላይ ይደርሳል። ደግሞ የወገቡ ክፍት ቦታ የሚዘጋው መጨረሻ ላይ ነው፤ ቀን 26፣ ቀን 27። ቅዳሜና እሑድ። መጋረጃ ያጠብኩ ቀን።

ስለ ቅዳሜና እሑድ ከዚህ በኋላ አልጽፍም።

እሑድ፣ 5/6

ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። ሚጡ ናት፣ ሻንጣ ይዛለች። ገባች፣ ተቀመጠች፣ ከሻንጣው ኪስ ጠርዙ የተበላ ደብተር አወጣች።

«ይሄን ታስታውሺዋለሽ?»

የሁለተኛ ዓመት ደብተሯ ነው። ገጹን አጥፋ ይዛለች። ኅዳጉ ላይ በቀይ እስክሪብቶ፣ በእኔ እጅ ጽሑፍ፦ «ሐኪም ከወር አበባ፣ እኛ ከፅንሰት። ሁለት ቀንሺ! ስንት ጊዜ ልንገርሽ?»

«እትዬ፣ አምስት ሲቀነስ ሁለት ስንት ነው?»

«ሦስት።»

«ገና ሳምንት ነበረኝ ማለት ነው።»

ደብተሩን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው፤ ጉልበቷን ለማግኘት ከሆዷ ማዶ መድረስ አለባት።

«እኔም ማወቅ ነበረብኝ» አለች። «ተምሬዋለሁ፤ ደስታው ነው ያስረሳኝ። ሰው ይሳሳታል፣ በሱ አልመጣሁብሽም። አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። መቼ ነው ያወቅሽው?»

ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲህ ናት፣ ስትጠይቅ ዓይኗን አትነቅልም። እኔም አልነቀልኩም።

«አሁን» አልኳት። «አሁን አንቺ ስታሳዪኝ።»

እፎይ አለች። እውነት እላለሁ፣ ትከሻዋ ከላይ ወደ ታች ወረደ። «አውቄዋለሁ! እኔም እንዲሁ ነው ያልኩት። እሱ ግን ‹ታውቅ ነበር› ይለኛል። ማሞቂያውን ሊሠራ የመጣ ቀን ‹ክኒኑን ጣለችው ወይስ አስቀመጠችው› ብላ ጠይቃኛለች፣ ምን አስጠየቃት ብሎ ሁለት ሳምንት ሙሉ አልተኛም። ሰው እንዴት እንዲህ ያስባል? እናቱ ብትለኝ ችዬ ነበር። እህቴን እንዲህ ከሚያስብ ሰው ጋር አልኖርም ብዬ ወጣሁ። እዚህ ብወልድ ቅር ይልሻል?»

«ቤትሽ ነው» አልኳት።

ያኔ አለቀሰች፣ ትከሻዬ ላይ። ሆዷ መሃላችን ነበር። ልጅቷ መታችኝ።

አልጋዬን አነጠፍኩላት፤ እኔ ሶፋው ላይ እሆናለሁ። ከትዳሯ በፊት እንዲህ ነበር የምንተኛው። ወጥ አሞቅኩ፣ በላች፣ ጥርሷን ሳትቦርሽ ጋደም አለች። ደብተሬን ሳወጣ ከመኝታ ቤት አይታኝ «ምን ትጽፊያለሽ?» አለችኝ።

«የእንቁላል መዝገብ ነው።»

«አይ እትዬ፣ እንቁላልሽን አትተዪም!» ብላ ሳቀች። ይቺኛዋ ሳቅ ናት።

ይህን እየጻፍኩ ስልኬ ጮኸ። ሽቦ ነው። ወጥ ቤት ገብቼ አነሳሁት።

«እትዬ፣ እርስዎ ጋ ናት?»

«ናት።»

ድምፁ ውስጥ ቁጣ ብፈልግ አጣሁ። «ልጅቷ ስትወለድ መከራ ነው የሚጠብቃት፣ ሚጡ ለብቻዋ አትችለውም። እኔም ያለ እነሱ አልችልም። እርስዎ ያውቁ ነበር፣ እኔም አውቃለሁ። ይሁን። ይንገሯት አልልም፣ ዕድሜ ልኬን ደግሜ አላነሳውም። ‹ባልሽ ነው የተሳሳተው፣ ቤትሽ ግቢ› ብቻ ይበሏት። ይቺን አንዲት ነገር ያድርጉልኝ።»

ዘጋሁት። ድምፁን አጥፍቼ ስልኩን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

«ማን ነው እትዬ?» አለች ሚጡ ከመኝታ ቤት፣ እንቅልፍ በተጫነው ድምፅ።

«ቁጥር ተሳስቶ ነው» አልኳት። «ተኚ።»